የተረፈ መድኃኒት

ሰኔ 5

ሲዘንብ አደረ። ሳሩን ላጭድ ወጥቼ ማጭዴን ይዤ ተመለስኩ።

ይህን ደብተር የሰጠኝ ሥራ አስኪያጃችን ሞሲሳ ነው፤ የቧንቧና የአምፖል ብልሽት እንድመዘግብበት። ከፊት ሦስት ገጽ ቧንቧ አለ። ከኋላ በኩል የኔ ወሬ። ማን ያነበዋል? አሥራ አንድ ዓመት የዚህ እንግዳ ማረፊያ አትክልተኛ ሆኜ ደብተር ያገኘሁት ገና ዘንድሮ...

ከሰዓት ሲያባራ ሞሲሳ መጣ። ሳሩ ላይ ዞረ። በሳሩ መሃል የበቀለውን አረም፣ ማገጡን፣ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«ተረፈ፣ ይሄ ሳር ነው የጎመን መደብ?»

ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡት ንጹሕ ሳር ላይ ነው አለ። ለመስከረም ሁለት ሠርግ ይዟል። በእጄ እየነቀልኩ ነው አልኩት። «በእጅህ!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። በማን እንደሳቅኩ እንጃ።

አዴ በቀለች በሽቦው አጥር በኩል ሰምተውን ኖሯል። «ኢልማኮ፣ ምን አድርገኸው ነው የሚቆጣህ?» አሉኝ። ጎረቤታችን ናቸው፤ አዴ እናት እንደማለት ነው። ኢልማኮ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። አጥሩ ጋ ያለው ትልቁ ዋንዛ የእሳቸው ነው። ወዴሳ ይሉታል በኦሮምኛ። ግንዱ እሳቸው ግቢ፣ ጥላው ግማሹ እኛ ሳር ላይ፣ ግማሹ መንገዱ ላይ። የተከሉት ባለቤታቸው መምህር ደረሳ ናቸው፤ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው። አዴ በቀለች ከሰዓት ከሰዓት ሥሩ ቁጭ ብለው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያነባሉ። አንዳንዴም ከዛፉ ጋር ያወራሉ። አንድ ጊዜ አናጢ መጥቶ ለጣውላ ሽጡልኝ ቢላቸው «ባሌን ልሽጥልህ?» አሉት። ሰውዬው ሁለተኛ በዚህ አላለፈም።

ሰኔ 9

ገበያው ጋ ካለው የእርሻ ዕቃ ሱቅ የአረም መድኃኒት ገዛሁ። ከትልቅ ጀሪካን በውሃ ፕላስቲክ ገልብጦ ሰጠኝ። ጽሑፍ የለው፣ ሥዕል የለው።

«ሳር አይነካም። ቅጠለ ሰፊውን ብቻ ነው የሚገድለው» አለኝ።

ጥሩ ነው። ማገጡ እንግዲህ አለቀለት።

ሰኔ 11

ረጨሁ። ከደጁ እስከ አጥሩ፣ አንድ ስንዝር ሳላስቀር። ወገቤ ተቆረጠ።

አዴ በቀለች ብቅ አሉ። «ምንድነው እሱ?»

«መድኃኒት ነው፣ አዴ።»

«ቆሪቻ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ሳሩ ታሞ ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ራሱን አሞት ነው» አልኳቸው። እሳቸው ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። በእሳቸው ቋንቋም በእኔም ያው ነው፤ የሚያድነውም መድኃኒት፣ የሚገድለውም መድኃኒት።

በጥብጬ የቀረውን መድፋት አሳዘነኝ። ቢጫው ጀሪካን ውስጥ አድርጌ፣ ሰው ሌላ ነገር እንዳይመስለው በከሰል «የተረፈ» ብዬ ጻፍኩበት። አጥሩ ጥግ አስቀመጥኩት።

ሰኔ 28

ሳሩ ምንጣፍ ሆነ! ማገጥ የለ፣ ምን የለ። ሞሲሳ እጄን ጨበጠኝ። በሰው ፊት! ብርቄ ይህን ስነግራት «ታዲያ እጅህን ዛሬ አትታጠብ» አለችኝ። ምላስ ያላት ሴት አግብቼ...

ሐምሌ 8

የዋንዛው ቅጠል ተጠቅልሏል። በእኛ በኩል ያለው ቅርንጫፍ ብቻ። ዝናቡ በዝቶበት ይሆናል።

ሐምሌ 15

ዝናብ አይደለም። ለጋው ቀንበጥ ሁሉ ተጠማዟል፣ ሰው እንደጨመቀው ጨርቅ። ሳሩ ላይ ቆሜ ወደ ላይ ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ወደ ታች አየሁ። ንጹሕ ሳር።

ቅጠለ ሰፊውን ብቻ ነው የሚገድለው... አይ ተረፈ! በዚህ ሰፈር ከዋንዛ የሰፋ ቅጠል ያለው ምን አለ?

ሐምሌ 16

ሱቁ ሄድኩ።

«ዛፍ አጠገብ ረጨኸው እንዴ? ዛፍ እኮ በሥሩ ይጠጣዋል!»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? ለጤፍ ማሳ መስሎኝ።»

እውነቱን ነው። አልጠየቅኩም። ይድናል ወይ አልኩት። ትልቅ ከሆነ፣ የጠጣውም ጥቂት ከሆነ፣ ሊችለው ይችላል አለ። እግዚአብሔር ያውቃል አለ። ሲሸጥልኝ ግን እሱ ያውቅ ነበር።

ስመለስ አዴ በቀለች ዛፉ ሥር ቆመው አገኘኋቸው። «ኢልማኮ፣ ወዴሳዬ ታሟል» አሉኝ። እኔም እንደ እንግዳ ሰው ቀና ብዬ ዐየሁ። «ምን ነካው?» አልኩ። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት፣ በዚሁ አፌ።

ሐምሌ 17

ለሞሲሳ ነገርኩት። በሩን ዘጋና ተቀመጠ።

«የረጨኸው የት ላይ ነው?»

«ሳሩ ላይ።»

«ሳሩ የማነው?»

«የእኛ።»

«በቃ። ዛፉን ማን ነካው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብርቄ እዚሁ አንሶላ ታጥባለች። አንተ እዚሁ ትሠራለህ። ቤታችሁም እዚሁ ጓሮ ነው። እስቲ አስብበት» አለኝ።

አላስፈራራኝም። አስታወሰኝ እንጂ።

ሁለት ሥራና አንድ ጣሪያ በአንድ ክር ላይ። ክሩ ደግሞ አፌ ነው።

ነሐሴ 4

ቢጫው ጀሪካን ባዶውን ነው። ብርቄን ብጠይቃት «የአንተን መርዝ ምን ላደርገው ልነካው?» አለች። ነፋስ ገልብጦት ይሆናል። ተገላገልኩ።

መስከረም 17

መስቀል። በዚህ ሰሞን ዋንዛው ነጭ አበባ መልበስ ይጀምር ነበር። የንቡ ድምፅ ክፍላችን ድረስ ይሰማ ነበር። ዘንድሮ አንድም አበባ፣ አንድም ንብ የለም። ቅጠሉ በዝናብ መሃል ይረግፋል። በእኛ በኩል ብቻ መስሎኝ... አሁን በሁሉም በኩል ነው። ለምን እንዲህ ፈጠነ? ጥቂት ከሆነ ይችለዋል ብሎኝ አልነበር?

የረገፈውን የምጠርገው እኔ። ሙሽሮቹ ነገ ይመጣሉ።

መስከረም 29

ሰፈሩ ወሬ ጀምሯል። አሰፋች ናት ይላሉ።

አሰፋች መንገዱ ላይ ባለው የዛፉ ጥላ ሥር የተቀቀለ በቆሎ ትሸጣለች። ከኪራሙ ነው የመጣችው፣ ተፈናቅላ፣ ሦስት ዓመቷ። ድስቷን ስታነሣ ትራፊውን ውሃ እዚያው ትደፋለች። ጨው አለው። ጨው ዛፍ ያደርቃል አለ አንዱ። ሌላው ተቀበለው። የመጣ ሰው ነገር... እኔም አባቴ ከሸዋ የመጣ ነኝ። ግን እኔ ሣር አሳማሪው ተረፈ ነኝ፣ ማን ይጠረጥረኛል?

ዛሬ በቆሎ ገዛኋት። ሳልራብ። «ምርቃት ልጨምርልህ ወንድም ጋሼ» ብላ አንድ ጨመረችልኝ። መንገድ ላይ ወስጄ ለሌላ ሰው ሰጠሁት። አልወርድ አለኝ።

ጥቅምት 3

እሁድ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ቀነአ ሰፈሩን ዛፉ ሥር ሰበሰቡ። አውጫጭኝ። በልጅነቴ ነበር የሰማሁት፤ ሌባ ሲጠፋ ሁሉም ተራ በተራ ይምል ነበር ሲባል። ኦቦ ቀነአ ቃሉን በኦሮምኛም በአማርኛም አሉት። ሰው ሁሉ ግንዱን እየነካ ይደግማል።

«አልቆረጥኩም። አልላጥኩም። እሳት አላስጠጋሁም። ያደረገም አላየሁም።»

ተራዬ እስኪደርስ ላብ አጠመቀኝ። ሞሲሳ ከኋላዬ ነበር። ደረሰኝ። ግንዱን ነካሁ። ቀዝቃዛ ነው።

አልቆረጥኩም... እውነት። አልላጥኩም... እውነት። እሳትም አላስጠጋሁም። ያደረገም አላየሁም። አንዲት ውሸት የለበትም! ለእኔ ተብሎ የተሰፋ ልብስ ይመስል ልክክ አለ። እጄን ግን በሱሪዬ ጠረግኩ።

አሰፋች መጣች። ሁሉን ደገመችው። ከዚያ እጇን ከግንዱ ሳታነሣ «ግን ውሃ ደፍቻለሁ። የበቆሎ ውሃ ነው፤ ጨው አለው። እንዲህ የሚያደርግ አልመሰለኝም» አለች።

ማንም ስለ ውሃ አልጠየቃትም ነበር። የተጠየቀችውን መልሳ መሄድ ትችል ነበር፣ እንደ እኔ። ሰዉ አጉረመረመ። ኦቦ ቀነአ «ዝም በሉ» አሉ፤ ማን ይስማቸው።

እኔም ዝም ያልኩት እሳቸው ስላሉ አይደለም።

ጥቅምት 4

አሰፋችን አስነሧት። ከእንግዲህ እዚያ አትቀመጪም ተባለች። ቦዩ ዳር፣ ፀሐይ ላይ ነች። ድስቷን ስትሸከም አየኋት። ልርዳት ብዬ ተነሣሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ጥቅምት 9

ምነው ዛሬ ባልነጋ!

ልነግራቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ ቆርጬ ነበር። ብርቄ ሳትሰማ፣ ሞሲሳ ሳያይ፣ በአጥሩ ላይ፣ ለአዴ በቀለች ብቻ። «አዴ፣ ስለ ዛፉ አንድ ነገር...» አልኩ።

«እኔም አለብኝ የምነግርህ» ብለው ቀደሙኝ። አንገታቸውን ደፉ። «ሌባ ነኝ፣ ኢልማኮ። ያንተን ቆሪቻ ሰርቄሃለሁ።»

«የቱን?»

«በሐምሌ። ቢጫው ጀሪካን። አጥር ላይ ተንጠላጥዬ ወሰድኩት። ስምህ አለበት አይደል? የተረፈ ይላል። ሳሩን እንዲያ ያዳነ የተረፈ መድኃኒት፣ ወዴሳዬንም ያድነው ይሆናል ብዬ... በጆግ እያደረግሁ ሥሩን አጠጣሁት። እስኪያልቅ። ባዶውን ከቦታው መለስኩት። ጸልዬ ነው ያጠጣሁት። ግን አላዳነውም። ሳልጠይቅህ ስለወሰድኩ ይሆናል። ይቅር በለኝ።»

ይቅር በለኝ አሉኝ። እኔን!

የቀረ ማለቴ ነበር። የቀረ፣ ትርፍ፣ የማይነካ። ምነው «መርዝ» ብዬ በጻፍኩ! በአራት ፊደል አሳጥሬ... ስሜን የሰጠችኝ እናቴ ከእኔ በፊት ሦስት ልጆች ቀብራ ነው። ይኸኛውስ ተረፈ ብላ። እንዲህ ይሆናል ብላ አልነበረም።

«ይቅር ብያለሁ፣ አዴ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«አንተስ ምን ልትነግረኝ ነበር?»

«ምንም።»

ጥቅምት 10

ብናገር፦ በገዛ እጃቸው ዛፋቸውን መግደላቸውን ያውቃሉ። የባላቸውን ዛፍ። ጸልየው።

ዝም ብል፦ አሰፋች ፀሐይ ላይ።

ሦስተኛ መንገድ የለም? ፈለግኩ። የለም።

ጥቅምት 13

የለም።

ጥቅምት 16

የሠርግ ሰዎች ሳሩን አመሰገኑ። «ማን ነው የሚንከባከበው?» አለች አንዷ። ሞሲሳ ወደ እኔ ጠቆመ። ፎቶ አብሬ እንድነሣ ጎተቱኝ። በዚያ ፎቶ ላይ ከሙሽራዋ ጀርባ የደረቀ ቅርንጫፍና የኔ ጥርስ ይታያል።

ጥቅምት 19

ብርቄ አወቀችብኝ። እንጀራውን እየቆረስኩ ስተወው ዐይታ፣ «ወይ ተናገር ወይ ብላ» አለችኝ። ተናገርኩ። ሁሉንም። ሥራዋን፣ ቤቱን፣ ሞሲሳ ያለኝን። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ያቺ ሴትዮ ውሃዋን ራሷ ተናገረች አይደል?» አለች።

«አዎ።»

«አየህ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ምላሷ የት እንደገባ እንጃ፤ ስትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። ሆዴ ውስጥ ሲነቅዝ እየሰማሁት ነው።

ጥቅምት 24

እሁድ። እድር። ሰው ሊበተን ሲል ተነሣሁ።

«ዛፉን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ሞሲሳ ጉሮሮውን ጠራረገ። አላየሁትም። በሰኔ ሳሩ ላይ የአረም መድኃኒት መርጨቴን ተናገርኩ። ዛፍ በሥሩ እንደሚጠጣው። ሥራ አስኪያጁ ንጹሕ ሳር አለኝ እንጂ ዛፍ ግደል አላለኝም አልኩ፤ እውነትም አላለኝም። አሰፋች ምንም አላደረገችም፣ ድስት ውሃ ይህን ዛፍ አይጥልም አልኩ።

ከዚያ ሦስተኛዋን መንገድ አገኘኋት። ስናገር ነው ያገኘኋት።

«በጥብጬ የቀረውንም ሥሩ ላይ ደፋሁት። ሙሉ ጀሪካን። እኔ ነኝ፣ በእጄ።»

አዴ በቀለች ቀና አሉ። ዐይኔን ዐዩኝ። ወደ መሬት ዐየሁ።

ኦቦ ቀነአ «ታዲያ ለምን ማልክ?» አሉ። የማልኩት እውነት ነው፣ ያልተጠየቅኩትን ነው የደበቅኩት አልኳቸው። አፌን ምነው በቆረጠው! የጠበቃ ንግግር ሆነብኝ። አንዱ ተፋ። ልክ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። ገንዘብ አላሉኝም። «በየቅዳሜው ትመጣለህ። የተመረዘውን አፈር እየቆፈርክ ታወጣለህ፤ ንጹሕ አፈር ተሸክመህ ትመልሳለህ። አዴ በቀለች በቃህ እስኪሉህ ድረስ» አሉ። ግንዱ እንዳይቆረጥ አዴ በቀለች ለመኑ። ተነሥተው ገቡ።

አሰፋች ወደ ቦታዋ ትመለስ ተባለ። ቅርንጫፉን ቀና ብላ አየችው። «ጥላውስ?» አለች።

ጥቅምት 28

ቁልፍ አስረከብኩ። ብርቄንም አሰናበቷት። ሞሲሳ ደብተሩን ጠየቀኝ። ከፊት ያለውን ሦስት የቧንቧ ገጽ ቀድጄ ሰጠሁት።

ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራየን። ጣሪያው ያፈሳል። ብርቄ ባልዲ እያስቀመጠች «አንሶላ የትም አለ» አለችኝ። ይህ በእሷ ቋንቋ ማጽናኛ ነው። ትናንት ሌሊት ግን ተኛሁ፣ እስኪረፍድ።

ኅዳር 7

የመጀመሪያው ቅዳሜ። ቆፈርኩ። ስቆፍር የአፈሩ ሽታ ራሱ የሚከሰኝ መሰለኝ። አዴ በቀለች በሩን ከፈቱልኝ። ልሄድ ስል ከኋላዬ መጡ።

«ጀሪካኑ ላይ ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?»

«የተረፈ።»

«አውቃለሁ። እኔ አማርኛዬ የትምህርት ቤት ነው። ሊሊሴ ትናንት መጥታ ነገረችኝ፤ የቀረ፣ ትራፊ ማለትም ነው አለችኝ።» ሊሊሴ ልጃቸው ናት፤ ጉቴ ከተማ ታስተምራለች። «የቱን ማለትህ ነበር? የቀረ ነው ወይስ ያንተ?»

እጃቸው በሩ ላይ ነበር። ያ ጆግ የያዘው እጅ።

«የኔ ማለቴ ነበር፣ አዴ» አልኩ። «የኔ ነበር።»

«ገለቶሚ» አሉ፤ አመሰግናለሁ። በሩን ዘጉት። ኢልማኮ አላሉኝም።

ኅዳር 28

ቆፈርኩ። ሰላምታ ብቻ።

ጥር 10

ቆፈርኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ እሳቸው አልወጡም። ውሃ በጆግ አስቀምጠውልኛል። በዚያው ጆግ። አነሣሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ጠጣሁ።

የካቲት 8

ሞሲሳ አዲስ አትክልተኛ ቀጥሯል። ሳሩ ላይ ማገጥ አየሁ፣ አጥሩ ጥግ። ደስ አለኝ ብል ኃጢአት ነው? ደስ አለኝ።

መጋቢት 13

አሰፋች ከማዳበሪያ ከረጢት ዳስ ሠርታለች። ጥላ እስኪመጣ ነው አለችኝ። የትኛው ጥላ አላልኳትም። ከወንዝ ዳር አፈር ተሸክሜ ስታየኝ መንገድ ለቀቀችልኝ። በቆሎ ሰጠችኝ። በላሁት፤ ወረደ።

ሚያዝያ 18

ዝናቡ ገባ። ሌላው ዋንዛ ሁሉ ለመለመ። የእኛ... የእሳቸው... ዝም። ኦቦ ቀነአ አልፈው ሲሄዱ «ይበቃሃል እኮ፣ ለምን አትጠይቃቸውም?» አሉኝ። እኔ አልጠይቅም። በቃህ ካሉኝ በዚያ በር የምገባበት ምን ይቀረኛል?

ግንቦት 9

ቅዳሜ። አፈሩን ደጅ አራግፌ፣ ጆንያዬን ጠቅልዬ መንገድ ጀምሬ ነበር። አሰፋች ዳስ ጋ ደርሻለሁ።

«ተረፈ!»

አዴ በቀለች ናቸው። ስድስት ወር ሙሉ ያልጠሩኝ! ጆንያዬን ጥዬ ሮጥኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጭቃ ለጭቃ። በሩ ክፍት ነው። ዛፉ ሥር ተንበርክከዋል። ነጠላቸው ጭቃ ነክቷል።

«አቤት፣ አዴ!»

አልዞሩም። ከግንዱ ግርጌ፣ በእሳቸው ግቢ በኩል፣ ከዳር ካለው ሥር ላይ፣ አንድ ቅጠል። አንድ! አውራ ጣት የምታህል፣ ያልተጠማዘዘች፣ ቀጥ ያለች። ሁለቱን እጃቸውን ዙሪያዋን አድርገዋል፣ ነፋስ እንዳይነካት።

«ተረፈ...» አሉ እንደገና፣ ቀስ ብለው።

እኔን መጥራታቸው ይሁን፣ ዛፉን ማለታቸው... በኦሮምኛ ቢሉት ኖሮ ይለይልኝ ነበር። አልጠየቅኳቸውም። አጠገባቸው ተንበረከክኩና እጄን እጃቸው አጠገብ አደረግሁ። እጄን አላራቁትም።